ጋሽ መስዑድ ለሄሊኮፕተር ያነጠፉት ምንጣፍ

ከባሕር ዳር ሐይቁን ተሻግሮ በምትገኘው ቁንዝላ ውስጥ ሰርግ ያለበት፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ልጅ ያስመረቀ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጋሽ መስዑድን በር ነው። የዕድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ምንጣፍ ያለው በእሳቸው እጅ ነው። ዕድሩ የእስላሙም የክርስቲያኑም ስለሆነ ለመውሊድ የተተከለው ድንኳን በሳምንቱ ለተዝካር ይተከላል፤ ሁለቱንም ጊዜ ገመዱን የሚወጥሩት እሳቸው ናቸው።

በወጣትነታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ወገባቸው መረብ መጎተት እምቢ ሲላቸው ዕድሩ ዕቃ ጠባቂ አደረጋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ዕቃ አውጥቶ ዕቃ ማስገባት ይመስለው ነበር። ለጋሽ መስዑድ ግን ሥራው እንግዳ መቀበል ነው። «እንግዳ እግሩ ጭቃ ከነካ ያዋረድሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። አንድ ክረምት የጎረቤታችን የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ባለቤት ያረፉ ቀን ዶፍ ወረደና ግቢው ሁሉ ረግረግ ሆነ። ምንጣፉ አልበቃ አለ። ጋሽ መስዑድ ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን በር ከማጠፊያው ነቅለው አመጡና ጭቃው ላይ አጋደሙት፤ ለቀስተኛው በዚያ ላይ ተራምዶ ገባ። ባለቤታቸው እትዬ ሳዲያ እስከ ዛሬ ይቀልዱባቸዋል። «ሌባ ቢመጣ እንኳ ጭቃ እንዳይነካው የሚጨነቅ ሰው ነው ያገባሁት። ያን ሌሊት ያለ በር ነው ያደርነው» ይላሉ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ፔዳ አካባቢ ነው ያደግሁት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ አገባሁ። ባለቤቴ ገድሉ ቁንዝላ መምህር ሆኖ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁና ከቤታችን ደጃፍ ትንሽ ሱቅ ከፈትሁ። በአገሩ ዘመድ አልነበረኝም፤ ጋሽ መስዑድና እትዬ ሳዲያ ዘመድ ሆኑኝ። ልጄ ቃልኪዳን መራመድ የተማረችው በእነሱ ግቢ ነው። ስለ ጋሽ መስዑድ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት የሆነውን ነገር ሰው ግማሹን እያወራ ይስቃል። ሙሉውን የማውቀው እኔ ነኝና እኔ ላውራው።

ነሐሴ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያሉ መንደሮች በውኃ ተከበዋል። ወደ ከተማ የሚያወጣን መንገድም ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ተቆርጧል። ገድሉ ለሥልጠና ባሕር ዳር እንደሄደ እዚያው ቀርቷል። በዚህ መካከል ቃልኪዳንን ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጀመረላት፤ ትኩሳቷ በረድ አለ ብዬ እፎይ ስል፣ አንድ ቀን ጠዋት ከንፈሯ ነጥቶ፣ መዳፏ ወረቀት መስሎ አገኘኋት። ስሟን ስጠራ ዓይኗን ታንከባልላለች እንጂ አትመልስም። ተሸክሜ ሮጥሁ።

ነርሷ መሲ የልጄን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች። 

«እናትዓለም፣ ደሟ አልቋል» አለችኝ። «ደም ካልተሰጣት አትቆይም። እኛ ጋ ደግሞ ደም የለም። ዛሬውኑ ባሕር ዳር መግባት አለባት።»

«በጀልባስ?»

ሁለታችንም በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየን። ማዕበሉ አረፋ እየደፈቀ ዳርቻውን ይመታል። ጠዋት የሞከሩት ዓሣ አጥማጆች ተመልሰው ጀልባቸውን ደረቅ ላይ ጎትተውታል። መልሱ ያው ነበር።

በዚያ ሰሞን ከባሕር ዳር የሚነሣ አንድ ሄሊኮፕተር በውኃ ለተከበቡት መንደሮች ዱቄትና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። መሲ ስልኳን አንሥታ ወዲያ ደወለች፣ ወዲህ ደወለች፤ ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል፤ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ጮኸች። በመጨረሻ የሚመለከተውን ሰው አገኘች። «ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ በእናንተ በኩል ይመጣል። ሰፊ ሜዳ ይሁን፤ ከብትና ልጆች አርቁ» አላትና መስመሩ ተቋረጠ።

ሰፊ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤቱ ነው። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ እስክደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ የቁንዝላ ሰው ግማሹ ሜዳው ላይ ነው። ጋሽ መስዑድም ደርሰዋል። ከሜዳው ጫፍ ድንኳን ተተክሏል፤ ልጅቱን ዝናብ እንዳይመታት። ከድንኳኑ እስከ ሜዳው መካከል ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተነባብሯል። መጨረሻ ላይ፣ ሄሊኮፕተሩ ያርፍበታል ከተባለው ቦታ አጠገብ፣ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ትልቁ ቀይ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሴቶቹ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ አጭደው እላዩ ላይ ይጎዘጉዛሉ።

«ጋሽ መስዑድ፣ ሙሽራዋ ማን ናት ታዲያ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«ሳቅ አንተ!» አሉት፣ ምንጣፉን በእግራቸው ጠፍ ጠፍ እያደረጉ። «ለእኛ ልጅ ብሎ ሰማይ አቋርጦ የመጣ ሰው ጭቃ ላይ ይውረድ? እኔ በቁሜ እያለሁ?»

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። የቃልኪዳንን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱና «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ መንገድ ከፍቷል» አሉኝ። እኔም አምኛቸው አለቀስሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ ምንጣፍ ሳይ ልቤ ሞቀ። ከመካከላችን ሄሊኮፕተር በቅርብ ያየ አልነበረም። የምናውቀው በሰማይ ሲያልፍ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ደግሞ ድምፅ እንጂ ነፋስ የለውም።

መጣ። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ቤት ድምፅ ከሐይቁ ማዶ ተሰማ፤ ከዚያ ጎላ፤ ከዚያ ደረታችን ውስጥ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሄሊኮፕተሩ በትምህርት ቤቱ ዋርካ አናት አልፎ ወደ ሜዳው ዝቅ ሲል ነፋሱ ከላይ ወደ ታች እንደ ውኃ ፈሰሰብን። እልልታው ተቋረጠ። ድንኳኑ እንደ ፊኛ ተነፋና ካስማው አንድ በአንድ ይነቀል ጀመር። ቄጠማው ሰማይ ሞላ። ትንንሾቹ ምንጣፎች ተጠቅልለው በሰው እግር መካከል ሮጡ። ትልቁ ቀይ ምንጣፍ ግን አልሮጠም፤ ጫፉን ቀና አደረገ፣ ተነሣ፣ ቆመ፣ ከዚያም እንደ ትልቅ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሄሊኮፕተሩ ወጣ።

አብራሪው ሄሊኮፕተሩን ወደ ጎን ሲመነጭቀው አየሁ። ምንጣፉ በጭራው ሥር ሽው ብሎ አለፈና ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ሄሊኮፕተሩ ተነሣ፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

 ቃልኪዳን እጄ ላይ ናት፤ ትንፋሿ እንደ ድመት ልጅ ትንፋሽ ትንሽ ናት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ሳዲያ ናቸው።

«አንተ መስዑድ! እንግዳህን አባረርኸው እኮ!»

ጋሽ መስዑድ ቆባቸውን ነፋስ ወስዶታል። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጣሪያው፣ ወደ ቀዩ ምንጣፍ ያያሉ። «ሸራ» አሉ ቀስ ብለው። «ነፋስ የያዘ ሸራ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም? ታንኳ ላይ ያደግሁ ሰው?» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። በሰርግ ቤት ሲያዝዙ እንኳ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

«አንሡ! ሁሉንም አንሡ! ወደ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ!»

«ሄዷል እኮ ጋሽ መስዑድ» አላቸው አንዱ።

«ቢመለስስ? ቢመለስ ምን አግኝቶ ይውረድ? አንሣ ብዬሃለሁ!»

ሰው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ድንኳኑ በቀሩት ካስማዎች ላይ ይንፈራገጣል፤ ገመዱ በዝናብ ረጥቦ ቋጠሮው አልፈታ አለ። ጋሽ መስዑድ ከወገባቸው ካራ አወጡና ቆረጡት። የድንኳን ገመድ ሲቆረጥ ቢያዩ ሰው የሚገርፉ ሰውዬ ናቸው፤ አንዱን ቆርጠው ወደ ሌላው ሮጡ። «ቄጠማውንም ልቀሙ!» አሉ። ሴቶቹ በቀሚሳቸው እያፈሱ ወደ አጥሩ ማዶ ወሰዱት። ለእንግዳ የተጎዘጎዘ ቄጠማ እንግዳው ሳይገባ ሲለቀም ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ኋላ ነዱት። «ነጠላችሁን ወገባችሁ ላይ እሰሩ! ማንም በጨርቅ እንዳይጠራው! እጅህን አውርድ አንተ!»

ሜዳው ባዶውን ቀረ፤ ጭቃ፣ ሣርና ሁለት የጎል ብረት ብቻ።

አልሄደም ነበር። ሐይቁ ላይ እየዞረ ያየን ነበር ለካ። ተመለሰና ከፍ ብሎ አንዴ በላያችን አለፈ፤ ሜዳውን ማየቱ ነበር። ቀጥሎ ፊቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ሐይቁ አድርጎ ቀስ እያለ ወረደ። ከሣሩ ላይ ውኃው እንደ ጉም ተነሣ። አንዱ ጎማ መሬት እንደነካ ጭቃው ዋጠውና ሄሊኮፕተሩ ዘመም አለ። ከግንቡ ኋላ ያለው ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ። አብራሪው ግን አልታገለም፤ መልሶ ትንሽ ብድግ አደረገውና ወደ መካከሉ፣ ጠንከር ወዳለው፣ አንሸራትቶ አሳረፈው። ሞተሩን አላጠፋም።

አንድ ወጣት ዘሎ ወረደ። በኋላ እንዳወቅሁት ስሙ አዘዘ ነው፤ የሄሊኮፕተሩ ቴክኒሻን ነው። ጎንበስ በሉ እያለ በእጁ አሳየን፤ በፊት በኩል ብቻ፣ አብራሪው በሚያየን በኩል፣ እንድንመጣ ጠራን። ቃልኪዳንን አቅፌ ሮጥሁ። መሲ ለልጄ የሰካችላትን የግሉኮስ ከረጢት እንደለመደችው ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ትከተለኛለች፤ አዘዘ ዘሎ ክንዷን ይዞ ወደ ታች አወረደው። ወደ ላይ ሳይ የሚሽከረከረው ክንፍ ከራሳችን ብዙም አይርቅም። በሩ ሲዘጋ ወደ ኋላ አየሁ። ጋሽ መስዑድ ከግንቡ ጥግ ብቻቸውን ቆመዋል፤ እጃቸውን እንኳ አላወዛወዙም።

ስለ በረራው ብዙ ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ የለኝም። ሐይቁን አላየሁም፣ ደሴቶቹን አላየሁም። የልጄን አፍንጫ ነው ሳይ የነበረው፤ እስትንፋሷ ጣቴን ሲነካኝ ተመስገን እላለሁ፣ ሲዘገይ ደግሞ እሞታለሁ። ባሕር ዳር ስንደርስ መኪና ይጠብቀን ነበር፤ መሲ ደውላለት ገድሉ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል። የደሙ ዓይነት ገጠመላትና ከእሱ ተቀድቶ ተሰጣት። ሐኪሙ «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ቃልኪዳን ግን አልነቃችም። «ቆይ፣ ጊዜ ስጧት» አሉን።

በማግሥቱ ነፋሱ ረገበ። ረፋዱ ላይ ቀና ስል ጋሽ መስዑድ የክፍሉ በር ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸው በእጃቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርጥብ። በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሻግረው ነው የመጡት።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ መስዑድ!»

«እዚህ ይበቃኛል። አለች?»

«አለች። ደም ተሰጥቷታል፤ አልነቃችም እንጂ አለች። ይግቡ።»

«እኔ ምን ፊት አለኝ ብዬ እገባለሁ? በገዛ እጄ ልገድላት ነበር» አሉ። አልገቡም። ገድሉ ሄዶ በግድ እጃቸውን ጎትቶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት።

ጥቂት ቆይቶ አዘዘ መጣ። ልጅቱ እንዴት አደረች ብሎ፣ ሥራ ሳይገባ። ጋሽ መስዑድን ሲያይ ቆመ።

«ቆይ፣ እርስዎ የምንጣፉ ሰውዬ አይደሉም?»

ጋሽ መስዑድ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ። የፈለግኸውን በለኝ።»

«ምን እልዎታለሁ አባቴ? እንደዚያ ያማረ አቀባበል ከተወለድሁ አይቼ አላውቅም። አብራሪያችን ‹ለእኔ ሰርግ እንኳ ይህን ያህል አልተነጠፈም› እያለ ነው ያደረው።»

ገድሉ ሳቀ። ጋሽ መስዑድ አልሳቁም። «ክንፉ ውስጥ ቢገባ ኖሮስ?» አሉት።

አዘዘ ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ። አልዋሻቸውም፤ ለዚህ ነው የወደድሁት። «ቢገባ ኖሮ እንወድቅ ነበር» አላቸው። «ጨርቅ የላይኛው ክንፍ ላይ ቢጠመጠም፣ ወይ ጭራው ላይ ያለችውን ትንሿን ሽክርክሪት ቢይዛት አበቃ። ትንሿ ከቆመች ሄሊኮፕተሩ እንደ እንዝርት በራሱ ላይ ይዞራል። ላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ድንኳን፣ ሁሉም ያው ነው። ግን ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከብት አርቁ አልን፣ ልጆች አርቁ አልን፤ ምንጣፍ አታንጥፉ አላልንም። ማን ያስበዋል?»

«እኔ ማሰብ ነበረብኝ።»

«ይስሙኝ እስቲ» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያቸው፤ ረጅም ጠባሳ አለበት። «ይቺ ከአውድማ ላይ ያገኘኋት ናት። አዝመራ ሰሞን ነበር፤ ለጥ ያለ ሜዳ መስሎን አውድማ አጠገብ ወረድን። ነፋሳችን ገለባውንና አቧራውን አነሣው። አብራሪው ምንም አላየ፣ እኔም ምንም አላየሁ። ቀጥ ብለን የምንወርድ መስሎን ወደ ጎን እየተንሸራተትን ኖሯል። ጎማው የእርከን ድንጋይ መታ። አንድ ጎማ ተይዞ ሌላው በአየር ላይ ከሆነ ደግሞ ሄሊኮፕተር እንደ በርሜል ይገለበጣል። ተገለበጥን። ነፍሳችን ተረፈች እንጂ ብረቱ አልተረፈም።»

«ያ የማን ጥፋት ሆነ?» አሉ ጋሽ መስዑድ።

«የማንም፣ የሁላችንም። ከላይ ሲታይ ድንጋዩን ገለባው ሸፍኖታል። የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ እኛ አልጠየቅንም። መብራት የሚሄድበት ሽቦም እንደዚሁ ነው፣ ከላይ አይታይም፤ ምሰሶውን ፈልገን ነው ሽቦ መኖሩን የምናውቀው። ረግረጉም ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ፣ ደረቁም አረንጓዴ። ትናንት አንድ ጎማችን ሲሰምጥ አይተዋል አይደል? ነፋስ ከኋላ ቢመጣብንም ይጥለናል፤ ቸኩለን ቀጥ ብለን ብንወርድ ደግሞ ራሳችን ያወረድነው ነፋስ ውስጥ ገብተን እንሰምጣለን። ሲያርፍ ነው ሄሊኮፕተር የሚያስፈራው አባቴ፣ ሲበር አይደለም። ብዙ ትንንሽ ነገር ነው አንድ ላይ ሆኖ የሚጥለን።»

«እና ለምን ተመለሳችሁ?» አልሁት እኔ። ከትናንት ጀምሮ ልጠይቀው የፈለግሁት ይህን ነበር።

«ለመሄድ ወስነን ነበር» አለ አዘዘ። «አብራሪው ‹እዚህ መሬት ላይ አላወርድም፣ ሁላችንንም አልጨርስም› አለ፤ እውነቱን ነው። ዞር ብለን ስናይ ግን አንድ ቆብ የሌላቸው ሰውዬ በካራ የድንኳን ገመድ ይቆርጣሉ። ሴቶች ሣር ይለቅማሉ። አብራሪው ‹እነዚህ ሰዎች ገብቷቸዋል፣ እንጠብቃቸው› አለ። ሐይቁ ላይ ስንዞር ነዳጃችንን እያየን ነበር። ጥቂት ብትዘገዩ ትተናችሁ እንሄድ ነበር።»

 ጋሽ መስዑድ መሬት መሬት እያዩ ቆዩና ቀና አሉ። «ምንጣፍ የሚፈራ እንግዳ!» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ እንግዳ አልሰማሁም። እና እንዴት ነው የምንቀበላችሁ?»

«ባዶ ሜዳና የደህና ሰው ዓይን ይበቃናል። ጠንካራውን መሬት አንድ ሰው ይርገጥልን፤ ሽቦና ድንጋይ ካለ ይንገረን። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቁንዝላ ስንመጣ እርስዎን ነው የምንጠራው።»

«እውነት ትጠሩኛላችሁ?» አሉ ጋሽ መስዑድ፤ ያላመኑ ይመስላሉ።

አዘዘ መልስ ሳይሰጣቸው አልጋው ላይ ድምፅ ተሰማ። ዘወር ስል ቃልኪዳን ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ከንፈሯ ደርቋል። «ዳቦ» አለች።

ገድሉ ነርሶቹን ለመጥራት ሮጠ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝሁ። ጋሽ መስዑድ ወደ ግድግዳው ዞረው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለአላህ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እኔም በበኩሌ አማኑኤልን አመሰገንሁ። ከዚያ ደግሞ አብራሪውን፣ አዘዘን፣ መሲን፣ ቄጠማ የለቀሙትን ሴቶች ሁሉ በስማቸው እየጠራሁ አመሰገንሁ፤ እስከ ዛሬም ስጸልይ አንዳቸውን አልዘልም። ጋሽ መስዑድን ግን ሁለት ጊዜ ነው የማነሣቸው። ሰው ስለ ምንጣፉ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ያስቃልም። ነገር ግን የተሳሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ቆሞ ይከራከራል፣ ወይ ተቀምጦ ያለቅሳል። እሳቸው ሄሊኮፕተሩ ገና ከዓይናችን ሳይጠፋ የገዛ እጃቸውን ሥራ ማፍረስ ጀመሩ። ልጄ በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው የተረፈችው።

ቃልኪዳን በላች፣ ጠጣች፣ ጉንጯ ቀስ በቀስ ቀላ። ሐኪሙ መሄድ ትችላላችሁ ያለን ቀን ጋሽ መስዑድ እንደገና ሐይቁን ተሻግረው ሊወስዱን መጡ። ልጅቱን ከአልጋው አንሥተው ታቀፏት። በዚያ ሰሞን ክፍሉ የገባ ሁሉ ስለ ሄሊኮፕተሩ ስላወራላት፣ ሳታየው በመቅረቷ በጣም ተናድዳለች።

«አባባ መስዑድ፣ በሄሊኮፕተር ነው የምንሄደው?»

«የለም የኔ እናት፣ በጀልባ ነው።»

«እኔ በሄሊኮፕተር ነው የምሄደው!»

«ሄሊኮፕተሩ ሥራ ላይ ነው ልጄ።»

አፏን ከፍታ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር እስኪያስተጋባ አለቀሰች። ሰው ዞር ዞር እያለ ያየናል። ጋሽ መስዑድ እየሳቁ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ «አልቅሺ! ጩኺ የኔ እናት፣ ጩኺ!» ይሏታል። እስከ ወደቡ ድረስ እያለቀሰች ሄደች፤ አንዳችንም ዝም በዪ አላልናትም።